ለኮንዶሚኒየም የሚሆን ውሻ የቱ ነው? ኖሬበት ያየሁት

«ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለማሳደግ የሚሆነው የትኛው ውሻ ነው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። አብዛኛው ጠያቂ መልሱን በልቡ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ትንሽ፣ ነጭ፣ ፀጉራም፣ ታቅፈው የሚይዟት። «ትንሽ ከሆነችማ ቤቱ ይበቃታል አይደል?» ይሉኛል። እኔ ከትንሽም ከትልቅም ውሻ ጋር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ኖሬያለሁ፤ አሁንም እየኖርኩ ነው። ያየሁት ነገር ቢኖር የውሻው ቁመት መጨረሻ ላይ የሚታይ ጉዳይ መሆኑን ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቅ አለ። ውሻው ምን ያህል መተኛት ይወዳል? ኮቴ ሲሰማ ምን ያደርጋል? ዕድሜው ስንት ነው? እናንተስ በቀን ስንቴ ደረጃ ለመውረድ ዝግጁ ናችሁ?

ኢንተርኔት ላይ ስለ አፓርታማ ውሻ የሚነበበው አብዛኛው ምክር ሌላ ዓይነት ቤት ታስቦ የተጻፈ ነው። ሊፍት አለ፣ ታች መናፈሻ አለ፣ ቧንቧ ሲከፈት ውኃ ይወርዳል። የእኛ ጂ ፕላስ 4 ግን ሌላ ነው። ደረጃው ክፍት ስለሆነ ታች ሰው ሲያስል ላይ ይሰማል። የምንኖረው በር ለበር ነው፤ የእኔ በር ሲከፈት የጎረቤቴ በር ፊት ለፊት ነው። ኮሪደሩ የጋራ፣ ልብስ የሚሰጣበት የጋራ፣ ለበዓል በግ የሚታረድበትም የጋራ። ውኃው በፈረቃ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች አሉ፤ ሰፈሩን ከእናንተ በፊት ይዘውታል። ውሻ የምትመርጡት ለዚህ ቤትና ለዚህ ግቢ ነው።

ከቡቺ ልጀምር። የአክስቴ ልጅ ወደ ካናዳ ስትሄድ ነው የተረከብኳት። የጃክ ራሰል ክልስ ናት፤ ነጭ ሆና ጆሮዋና ወገቧ ላይ ቡናማ ያላት፣ በአንድ እጅ የምትነሳ። ያያት ሁሉ «ይቺማ ለፎቅ ቤት የተፈጠረች ናት» ይላል። ዝርያው የተፈጠረበት ሥራ ግን ሌላ ነው። 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ እንግሊዝ አገር ጆን ራሰል የሚባል ቄስ ለቀበሮ አደን ብሎ ያወጣው ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ከፈረሰኞቹ ጋር ሲሮጥ ይውላል፣ ቀበሮው ጉድጓድ ሲገባ ተከትሎ ይገባል፣ እዚያው ጨለማ ውስጥ ሆኖ እየጮኸ ያስወጣል። ትንሽ የሆነው ጉድጓድ እንዲገባ ነው። ድምፁም የተፈለገ ነው፤ አዳኞቹ ከላይ ሆነው የት እንዳለ የሚያውቁት በጩኸቱ ነበር። እንዲህ ዓይነት ውሻ አራተኛ ፎቅ ላይ ስታመጡ ሩጫውም ጩኸቱም አብሮ ነው የሚመጣው።

ቡቺ ሰው ከምድር ቤት መውጣት ሲጀምር ትሰማለች። መጀመሪያ ጆሮዋ ይቆማል። ሰውየው አንደኛ ፎቅ ሲደርስ ከተኛችበት ትነሳለች። ሁለተኛ ላይ በሩ ሥር ሄዳ አፍንጫዋን ክፍተቱ ላይ ትለጥፋለች፤ ትንፋሿ የወለሉን አቧራ ሲያንቀሳቅሰው አያለሁ። ሦስተኛ ላይ ትጮሃለች። ሰውየው ወደ እኛ ፎቅ ይምጣ ወይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤቱ ይግባ ለእሷ ለውጥ የለውም። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበትን ሰዓት አስቡት። ማታ ሰው ከሥራ የሚገባበትንም እንዲሁ።

ቀስ በቀስ የረዳን ነገር አለ፤ ተመሳሳይ ውሻ ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ በዝርዝር እጽፈዋለሁ። አንደኛው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት ማውጣት ነው። ዝም ብሎ ሽንት ማሸናት ሳይሆን አፍንጫዋ ወደመራት እንድትሄድ፣ ሣር ውስጥ እንድታሸት፣ አፈር እንድትቆፍር መተው። ውሻ በማሽተት ይደክማል፤ ለሃያ ደቂቃ ገመዱን እየጎተታችሁ ከምታስሮጡት ይልቅ ለሃያ ደቂቃ ብታሸት ቤት ገብታ የምትተኛው እንቅልፍ ይበልጣል። ሁለተኛው የበሩን ሥር ክፍተት በጎማ መዝጋት ነበር። ብረታ ብረት የሚሠሩ ልጆች በቀላሉ ይሠሩታል፣ ካልሆነ የተጠቀለለ ጨርቅም ይሆናል። ሦስተኛው መኝታዋን ከሳሎን አንስቼ ከደረጃው ወደራቀው ክፍል መውሰዴ። ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ ከፍቶ መሄድም ይረዳል፤ ኮቴው ይዋጥላታል። አራተኛውና ዋናው ሥልጠናው ነው። ኮቴ በተሰማ ቁጥር፣ ገና ሳትጮህ፣ የምትወደውን ነገር ከበሩ በተቃራኒ አቅጣጫ እወረውርላታለሁ። ቆይቶ ኮቴ ስትሰማ በሩን ትታ ወደ እኔ መዞር ጀመረች። ጊዜ ይወስዳል። እቤት የሚኖር ሰው ሁሉ እንደዚያው ማድረግ አለበት፤ አንዱ ሲሸልም ሌላው «ዝም በይ!» ብሎ የሚጮህባት ከሆነ አብሯት የሚጮህ ሰው አገኘች ማለት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ። ካዛንቺስ የነበረው የወላጆቼ ቤት ለልማት ሲነሳ ቦቢ የሚሄድበት ጠፋ። የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፣ በሰው ትከሻ ቆሞ የሚያይ ትልቅ ውሻ፤ ዕድሜውን ሙሉ ቀን ታስሮ ማታ ተፈትቶ ግቢ ሲጠብቅ የኖረ። በዚያን ጊዜ ከሰፈር ሲነሱ ውሻቸውን ትተው የሄዱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ ኮንዶሚኒየም ትልቅ ውሻ አይችልም ብለው አምነው ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ሁሉም ሰው «ያብዳል፣ ቤቱን ይበላዋል» አለኝ። ቦቢ ግን ገብቶ ክፍሎቹን አሸተተ፣ በረንዳው በር አጠገብ ፀሐይ የምትገባበት ቦታ ላይ ተጋደመ፣ አለቀ። ኮቴ ሲሰማ አንድ ዓይኑን ይከፍትና መልሶ ይጨፍናል። የሚጠብቀው ግቢ የለማ! በር ላይ መጮህ ሥራው ነበር፤ ሥራው ሲቀር ጩኸቱም ቀረ። ጎረቤቶቼ ቅሬታ ያቀረቡት በትንሿ ነው፣ በትልቁ አንድም ቀን አልሰማሁም።

ሁሉም ጀርመን ሼፐርድ እንደዚያ ነው እያልኩ አይደለም። ቦቢ ሲመጣ ወጣትነቱ አልፏል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ጀርመን ሼፐርድ አራተኛ ፎቅ ላይ መዝጋት ለእሱም ለእናንተም ቅጣት ነው፤ በጎችን ለማገድ የወጣ ዝርያ ስለሆነ ጉልበትም ጭንቅላትም አለው፣ ሥራ ካልሰጣችሁት ራሱ ሥራ ይፈልጋል፣ ያም ሥራ ብዙውን ጊዜ ሶፋው ነው። የማይገባው ሰው ብዙ ስለሆነ ደግሜ ልበለው፤ ለፎቅ ቤት አንድ የስድስት ወይ የሰባት ዓመት ትልቅ ውሻ ከስምንት ወር ትንሽ ውሻ ይሻላል።

ነገር ግን የትልቅ ውሻ ችግር የሚመጣው ከወዲያ በኩል ነው፤ እርጅና ላይ። ይህን ዝርያ ዳሌው ይጎዳዋል፤ በዘር የሚመጣ የመገጣጠሚያ ችግር ነው። ደረጃው ያባብሰዋል። ቦቢ አሁን ሲወርድ እያንዳንዱ ማረፊያ ላይ ይቆማል። የቀሩትን ደረጃዎች ያያል፣ እኔን ያያል። የኋላ እግሩ ጥፍር የሲሚንቶውን ጠርዝ ሲፍቅ ይሰማል። የእንስሳት ሐኪሙ ያሳየኝን ነው የማደርገው፤ አሮጌ ነጠላ እጥፍ አድርጌ በሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፌ፣ ሁለቱን ጫፍ ከላይ ይዤ ክብደቱን እቀንስለታለሁ። ከመውረድ ይልቅ መውጣቱ ይቀለዋል። ክብደት እንዳይጨምር ምግቡን ቀንሻለሁ፣ ሶፋ ላይ እንዳይዘልም ከልክያለሁ። ከሠላሳ ኪሎ በላይ የሆነን ውሻ በክንዳችሁ አራት ፎቅ መሸከም የማትችሉ ከሆነ ትልቅ ውሻ ምድር ቤት ወይ አንደኛ ፎቅ ላላችሁ ነው የሚመከረው፣ ወይ ሊፍቱ በእርግጥ የሚሠራ ሕንፃ ላይ። «በእርግጥ የሚሠራ» ያልኩት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ስለምታውቁት ነው።

ሌሎቹን ዝርያዎች ከጓደኞቼና ከጎረቤቶቼ ቤት ካየሁት ጋር አያይዤ ልንገራችሁ። ከተማችን ውስጥ መንገድ ዳር ቡችላ ይዘው የሚሸጡ ልጆች የሚነግሯችሁን ዝርያ አትመኑ። ፑድል ተብሎ የተሸጠ ቡችላ አድጎ ምንም ያልሆነበት ሰው አውቃለሁ፤ ደስ የሚል ውሻ ሆነ፣ ግን የተገዛው ሌላ ተብሎ ነው። እናቱን ማየት የማትችሉትን ቡችላ አትግዙ።

ሀስኪ የሚያምር ስለሆነ አሁን አሁን ይፈለጋል። ሳይቤሪያ ውስጥ በበረዶ ላይ ጋሪ ለመጎተት የወጣ ውሻ ነው። ኪሎ ሜትሮች መሮጥ ይፈልጋል፣ ሳይሮጥ ሲቀር ያላዝናል። መጮህና ማላዘን ይለያያል፤ ማላዘኑ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሙሉ ብሎኩን ያስነሳል፣ አገራችን ውስጥ ደግሞ ሌሊት የሚያላዝን ውሻ ሟርት ነው የሚባለው፤ ጎረቤት እንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚያጣው። ቢግልም እንዲሁ ድምፀ ረጅም አዳኝ ነው። ባሴንጂ የሚባል ከመካከለኛው አፍሪካ፣ ከኮንጎ አካባቢ የመጣ ዝርያ አለ፤ እንደ ሌላ ውሻ አይጮህም ስለሚባል ሰው ለአፓርታማ ይመኘዋል። አለመጮሁ እውነት ነው፣ ግን ሌላ ዓይነት ድምፅ ያወጣል፣ ጉልበቱም የአዳኝ ጉልበት ነው።

ማልቲዝና ሺትዙ በእውነት ለቤት ውስጥ የተመረጡ ዝርያዎች ናቸው፤ ሰው እቅፍ ውስጥ መዋል ነው ሥራቸው። በእነሱ ላይ ያለኝ ጥያቄ ስለ ፀጉሩ ነው። ካልተላጨ በየቀኑ መበጠር አለበት፣ ካልተበጠረ ይቋጠራል፣ ቆዳውን ይስባል፣ ሥሩ ይቆስላል። ክረምት ላይ የኮንዶሚኒየም ግቢ ጭቃ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ውኃ ደግሞ በፈረቃ ነው። አንዲት ጎረቤቴ መፍትሔውን አግኝታለች፤ ሺትዙዋን በየጊዜው አጭር አድርጋ ታስላጫታለች፣ ከውጭ ስትመለስ በአንድ ጣሳ ለብ ያለ ውኃ አራቱን እግሯን ብቻ ታጥባታለች። ውሻዋ ደስተኛ ናት። ፎቶ ላይ የምናየው ረጅም ፀጉር ግን በእኛ ግቢ አይሆንም። ፑድልም ፀጉሩ ብዙም አይረግፍም፣ ሰውም ያን ሰምቶ ይፈልገዋል፤ ግን በውኃ ውስጥ አድኖ ለማምጣት የወጣ በጣም ብልህ ውሻ ስለሆነ ሲሰለቸው በር መክፈት ሁሉ ይማራል።

አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች፣ ፐግና የፈረንሳይ ቡልዶግ፣ ጸጥተኛ ናቸው፣ ብዙ መሮጥ አይፈልጉም፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ ለአፓርታማ ይሆናሉ። በእውን ግን የሚተነፍሱበት መንገድ ጠባብ ነው። ሙቀት፣ ውፍረትና ደረጃ ለእነሱ አደጋ ነው። ብዙ አየር መንገዶች እነዚህን ዝርያዎች ለመጫን የሚከለክሉት ወይ የሚያጠብቁት በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ለሰውም ስስ ነው። አንድ ጓደኛዬ ቡልዶጉን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞት ነው የሚወጣው፤ ውሻው ካልተሸከመው ምላሱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የምወዳችሁ አንባቢዎች፣ ይህን ዝርያ ለደረጃ ቤት ባትወስዱት ደስ ይለኛል።

አሜሪካ ያለች እህቴ የምትኖርበት ሕንፃ የውሻ ክብደት ገደብ አለው፤ ከተወሰነ ኪሎ በላይ አይገባም፣ ለውሻው በየወሩ ተጨማሪ ኪራይም ትከፍላለች። እዚያ ያላችሁ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ ዝርያ ለይተው የሚከለክሉም አሉ። እንዲህ ዓይነት ደንብ እየሰማን ነው ይመስለኛል ትንሽ ማለት ለፎቅ የሚሆን ማለት ነው ብለን የያዝነው። ለውድድር ይሮጥ የነበረው ረጅሙ ግሬይሀውንድ እኮ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲተኛ የሚውል ውሻ ነው፤ ክብደት ብቻ የሚያይ ደንብ ግን አያስገባውም።

እኔን ብትጠይቁኝ ሰው ሊያየው ያልፈለገው ጥሩ አማራጭ የአበሻ ውሻ ነው። «የፈረንጅ ውሻ» ፍለጋ ስንት ሺህ ብር የሚያወጣ ሰው በሩ ላይ ያለውን አያይም። መካከለኛ ነው፣ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ደረጃ አይከብደውም፣ አፍንጫው ረጅም ስለሆነ በደንብ ይተነፍሳል። ጭቃው ደርቆ ይራገፋል። ሆኖም ሁሉም አንድ አይደለም። ግቢ ሲጠብቅ ያደገና ሌሊት ለመጮህ የለመደ አለ፤ ሰው መሀል፣ ሱቅ በር ላይ ወይ ካፌ አጠገብ ያደገ ደግሞ አለ። ሁለተኛው ለኮንዶሚኒየም ወርቅ ነው። ታክሲ፣ ልጅ፣ ሻጭ፣ ሙዚቃ፣ ሁሉንም ለምዶታል፤ ደረጃ ላይ የሚሄድ ሰው ምኑም አይደለም።

ቡችላ ወይስ ትልቅ? ለሚለው ጥያቄ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፤ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ትልቅ ውሰዱ። የሦስት ወር ቡችላ ሽንቱን ቢይዝ ሦስት አራት ሰዓት ነው። ሌሊትም ይነሳል። በዚያ ላይ ክትባቱን ሳይጨርስ ሌሎች ውሾች የሚያዘወትሩት መሬት ላይ ማውረድ አደጋ ነው፤ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፣ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ በየሦስት በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ታች ባዶ መሬት የላችሁም፣ ቤት ውስጥ ጋዜጣ ላይ ነው። በረንዳውን መጸዳጃ ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ ውኃው የሚወርደው ወደ ታችኛው ጎረቤት ልብስ ነው፣ ይህን አታድርጉ። የበረንዳው ብረት ክፍተትም ቡችላ ያሳልፋል፤ በሽቦ ወንፊት ሸፍኑት።

ትልቅ ውሻ ስትወስዱ ደግሞ ጠባዩ ወጥቶ ይታያል። ሁለት ጊዜ ሄዳችሁ እዩት፣ አንዴ ጠዋት አንዴ ማታ። ቁልፍ ጣሉ፤ ደንግጦ ሄዶ የሚያሸት ውሻ ጥሩ ነው፣ ተደብቆ የማይወጣ ወይ መጮህ የማያቆም ውሻ ፎቅ ላይ ይቸገራል። ሰዎች ባሉበት ደረጃ አብራችሁት ውጡ። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተዉትና ውጭ ሆናችሁ አዳምጡ። ዝርያው ከሚነግራችሁ በላይ እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ይነግሯችኋል።

ብቻውን የመዋል ጉዳይ ከባዱ ነው። ሥራ ቦታችን ሩቅ ነው፣ ታክሲው ወረፋ አለው፤ ጠዋት የወጣ ሰው ማታ 1 ሰዓት ነው የሚገባው። ያን ያህል ሰዓት ብቻውን ሳይጮህ የሚውል ወጣት ውሻ ጥቂት ነው። የቤት ሠራተኛ ካላችሁ ከሁሉም በፊት እሷን ጠይቁ። ብዙዎቹ ውሻ ይፈራሉ፣ ወይ ከእምነታቸው አንፃር አይነኩም፤ መብታቸው ነው። «ትለምደዋለች» ብሎ ማምጣት እሷንም ውሻውንም መበደል ነው። እኔ ቤት ያለችው ልጅ ቦቢን ትወደዋለች፣ ቡቺን ግን ገመድ አስይዛ አታወርድም፤ ስለዚህ ቀን ቀን ቡቺን የሚያወርድልኝ ምድር ቤት ያለ ተማሪ ልጅ አለ፣ በሳምንት እከፍለዋለሁ።

ጎረቤት ላይ ረጅም ልጽፍ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሻ የሚኖረው በጎረቤት ፈቃድ ስለሆነ። ፊት ለፊቴ ያሉት ሀጂ ናቸው። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካ ለሶላት ልብሱ መታጠብ አለበት፤ ውኃ በሌለበት ቀን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡቺ ከመምጣቷ በፊት በራቸውን አንኳኩቼ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ውሻውን አልጠላም፣ እንዳይነካኝ ብቻ ያዢልኝ» አሉኝ። ይኸው ነው ስምምነታችን። ከቤት ሳልወጣ መጀመሪያ ኮሪደሩን አያለሁ፣ ገመዱን አሳጥሬ እይዛለሁ፣ እሳቸው በደረጃው ከመጡ ውሻውን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ እቆማለሁ። ዓርብ ጁምዓ ሰዓት ላይ አላወርድም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ደግሞ በልጅነታቸው ተነክሰው በጣም ይፈራሉ። ለእሳቸው የክትባቱን ወረቀት ወስጄ አሳየኋቸው፣ የልጅ ልጃቸው አነበበላቸው። ፍርሃታቸው ባይጠፋም ሲያዩኝ ፊታቸውን አያዞሩም። ጠበል ሊረጩ ቄስ ሲመጡም፣ ለቅሶ ቤት ሰው ሲበዛም ውሻውን ሌላ ክፍል አስገባለሁ። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ግን ኮሚቴው ስብሰባ ላይ የውሻ ነገር ሲነሳ የሚናገርላችሁ ሰው የሚገኘው በእነዚህ ነው።

ስለ ኮሚቴው ካነሳን፣ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል። የእናንተ ብሎክ ደንብ ስለ እንስሳት ምን እንደሚል አስቀድማችሁ አንብቡ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ የአከራዩን ፈቃድ ውሉ ላይ አስጽፉ። ፌስታል ይዞ መውረድ፣ ያደረገውን አንስቶ መጣል ግድ ነው። ይህን የማያደርግ አንድ ሰው የሌላውን ሁሉ ውሻ ያስባርራል።

ግቢ ያሉትን ውሾች በተመለከተ፣ ቀን ቀን ብዙም አያስቸግሩም፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ግን በመንጋ ናቸው። ሲመጡባችሁ አትሩጡ፤ ሩጫ ያስከትላቸዋል። ቆም ብላችሁ ድንጋይ እንደምታነሱ ጎንበስ በሉ፣ መወርወር አያስፈልግም፤ አብዛኛው ያቺን ጎንበስ ማለት ያውቃታል። ውሻችሁን ብድግ አድርጋችሁ አትታቀፉት፣ ይዘላሉ። በየጊዜው ትንሽ ፍርፋሪ የምትጥሉላቸው ከሆነም ቀስ በቀስ ውሻችሁን ይለምዳሉ፤ እኛ ግቢ ያለችው ጥቁሯ አሁን ቡቺን አጅባት ነው የምትሄደው።

ጤና ላይ ሁለት ነገር። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ እስከ ዛሬ ሰው ይገድላል፣ ለሰው የሚደርሰውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ማንንም ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ቀን አታሳልፉ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው የበዓል እርድ ነው። ፋሲካና ገና ላይ ሳንባና ጉበት ለውሻ በጥሬው ይጣላል። በጉ ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ እሱ የትል መኖሪያ ነው፤ ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ወደ ሰው አፍ ከገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት እያደገ ይቆያል። ውሻው ሶፋችሁ ላይ የሚተኛ ከሆነ ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው። የምትሰጡትን ሁሉ በደንብ ቀቅሉ፣ ፕራዚኳንቴል ያለበትን የትል መድኃኒት በሐኪም ምክር በየጊዜው ስጡ። ወጥ ያለበት ፍርፋሪም አትስጡ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ መነሻው ሽንኩርት ነው። እኔ ሩዝ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር አለጨው እሠራለሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር አድርጉ። እኛ አገር ውሻ በአብዛኛው የሚገኘው ከሚያውቁት ሰው ስለሆነ «ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ይቆይ፣ ካልሆነለት ትቀበለኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ካለ ከሥራ ቀን ጀምሩ እንጂ ከቅዳሜ አትጀምሩ፤ ቅዳሜ እቤት ስላላችሁ የትኛውም ውሻ ጨዋ ነው። ስልካችሁን ድምፅ እየቀዳ ትታችሁ ሂዱ፣ ማታ ስትመለሱ አዳምጡት፣ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤትም ቀን ቀን ምን እንደሰማ ጠይቁት። ሰውየው መልሶ አልቀበልም ካላችሁ ደግሞ ለምን እንደሆነ በደንብ ጠይቁትና ሌላ ውሻ እዩ።